ለሥራ የተበላ ራት

ሴፕቴምበር 27፣ 2022፣ ማክሰኞ

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ባለቤቴ ሙሉወርቅ፣ አሜሪካ ከገባን ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ምግብ ቤት ወስጄ ጋብዤያት አላውቅም። «ሳህሌ፣ ዛሬ እስቲ ወጣ ብለን እንብላ» ስትለኝ «ቤት ምግብ ጠፋ? ገንዘብ ማባከን ምን ያደርጋል?» እላት ነበር። ክርክር አትወድም። ከጥቂት ወር በኋላ እንደ አዲስ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እንደ አዲስ ያንኑ እመልስላታለሁ። ለቅሶ የመጡ ሰዎች «እንዴት ያለ ባል ነበርክ፣ ምንም አላጎደልክባት፣ ጌታ ብድርህን ይክፈልህ» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። አራት ዓመት ሊሆን ነው። ያን አሜን እስካሁን መልሼ አልወሰድኩትም።

ይህን የሚያስጽፈኝ ትናንት ከፖስታ ሳጥን ያወጣሁት ደብዳቤ ነው። ከአይ አር ኤስ፣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ነው የመጣው። ልጄ ሔርሞን ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ራሴ እንደምንም አነበብኩት። የአምናው ታክስ ላይ፣ በዊልቸር ቫኔ በሽተኞች እያመላለስኩ ለምሠራው ሥራ ወጪ ብዬ ካስመዘገብኩት ውስጥ የምግቡን አስረዳ ይላል። አምስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር። የት ተበላ፣ መቼ ተበላ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ሥራ። መልሱ እስከ ኦክቶበር 28 እንዲደርሰን ይላል።

ሚስቱን አንድ ቀን ያልጋበዘ ሰውዬ በአንድ ዓመት የአምስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ራት በላ። ሥራ ነበር ብሎም ፈረመ።

ሥራ ነበር እኮ። ነበር።


ሴፕቴምበር 29፣ ሐሙስ

የምጽፈው ቫኑ ውስጥ ነው። ከማመላልሳቸው አንዷን፣ ሚስ ዶረቲን፣ ለኩላሊት እጥበት ዳያሊሲስ አድርሻለሁ፤ አራት ሰዓት ትቆያለች።

ጠዋት ቢሩክ ጋ ሄድኩ። ቢሩክ ታክስ የሚሠራልን ልጅ ነው፤ ሞርስ ሮድ ላይ ከሥጋ ቤቱ ጎን ትንሽ ቢሮ አለው። ደብዳቤውን አየና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ፊትህ ምን ሆኗል? ኦዲት ማለት እኮ እስር ቤት አይደለም፤ ወረቀት ነው።»

«ወረቀቱን የሞላኸው አንተ ነህ።»

«የሞላሁት የሰጠኸኝን ነዋ! ሪሲቱን በፌስታል ጠቅልለህ አመጣህልኝ። ይሄ ምንድን ነው ስልህ ከሥራ ሰዎች ጋር ነው አልከኝ። ኔትወርኪንግ፣ ለሥራ መተዋወቅ ማለት ነው? ብዬ ጠየቅኩህ። አዎ አልክ።»

እውነቱን ነው፤ አዎ ብያለሁ። እንዲያውም ቃሉን ስሰማ አንድ ነገር ከትከሻዬ ላይ የወረደልኝ መስሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዕቃ አልተሸከምኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮቪድ ሲመጣ እኛ ቫን ያለን ሰዎችና የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ያላቸው ሰዎች፣ ማን ጓንት አለው፣ ማን ሳኒታይዘር አገኘ እየተባባልን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ራቅ ራቅ ብለን ቆመን መገናኘት ጀመርን። ምግብ ቤት ሲከፈት ወደ ውስጥ ገባን። በየወሩ የመጀመሪያው አርብ ማታ፣ አሥር አሥራ አንድ ሰው። ሥራ እንቀባበላለን። እንስቃለንም። አምና በጁላይ አንድ ቅዳሜ ጀልባ ተከራይተን ሐይቅ ላይ ምሳ በላን፤ እሱም በኔ ካርድ ነው።

ቢሩክ ፌስታሉን መልሶ ሰጠኝ። እያንዳንዱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ከማን ጋር እንደነበርኩና ምን ሥራ እንዳወራን ልጽፍ።

«ደግሞ ይጠይቁሃል» አለኝ፤ «አሥራ አንድ ሰው በልቶ ሁሌ የምትከፍለው አንተ ለምንድን ነው?»

«ታላቅ ነኛ።»

«እና ለአይ አር ኤስ ታላቅ ነኝ ብለን እንጻፍላቸው?»

ከዚያም ይብሳል፤ ለሱ አልነገርኩትም። ገና ሳንቀመጥ ካርዴን በጎን ለአስተናጋጇ እሰጣታለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ብድግ ብድግ ብሎ «እኔ ልክፈል! በሞቴ! ኧረ ተው!» ሲባባል ልጅቷ መጥታ «ተከፍሏል» ትላለች። ያን ጊዜ የሚወርድልኝ ምርቃት! «ከእጅህ አይጥፋ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።» ምርቃቱን ጠጥቼ እወጣና በማግስቱ ደረሰኙን ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። የጋበዝኩትን ወጪ ብዬ ከታክሴ አስቀንሼ ከመንግሥት ጋር ተካፍዬዋለሁ። የመረቁኝ ሰዎች ይህን አያውቁም።


ኦክቶበር 2፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ የአርብ ጸሎት መሪያችን ወንድም ሀይሉ በር ላይ ያዘኝ።

«ጋሽ ሳህሌ፣ አርብ አርብ ናፈቅንህ።»

«ሥራ ነው ወንድሜ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ እዚያው ጸለየልኝ። «ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን የአርብ ማታ ሥራ ባርክ፣ አብዛለት፣ አስፋለት!» አሜን አልኩ። የጸሎት ፕሮግራሙ በየሳምንቱ አርብ ነው፤ ሞርስ ሮድ ወደ ራቱ የምሄደው ግን በወር አንድ አርብ ነው። ሌሎቹን ሦስት አርቦች ለምን እንደምቀር እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለራሴ አልመለስኩም።

ጸሎቱ ግን ገና ሳይጸለይ የተሰማ ይመስላል። ሥራው ሰፍቶ ማክሰኞም ሆኗል።

ማክሰኞ ሌላ ነው። ማክሰኞ ከጽጌረዳ ጋር ነው። ጽጌረዳ ሬይኖልድስበርግ የእንክብካቤ ድርጅት አላት፤ ከምመላልሳቸው ሰዎች ግማሹን የምትልክልኝ እሷ ናት። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ ልጆቿ ሌላ ስቴት ናቸው። ደንበኛዬ ናት። የምንገናኘው ለሥራ ነው።


ኦክቶበር 5፣ ረቡዕ

ሰባት ጉዞ። የቫኑ ሊፍት ግማሽ ላይ ቆሞ አንድ ሽማግሌ አየር ላይ ቀሩብኝ፤ በእጄ አወረድኳቸው። ፌስታሉን አልነካሁም። ጀርባዬን አሞኛል። ጸሎት አጭር።


ኦክቶበር 8፣ ቅዳሜ

ትናንት አርቡ ነበር። ካርዴን ለአስተናጋጇ አልሰጠሁም። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ።

ሂሳቡ መጣ። ልጅቷ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። ማንም «እኔ ልክፈል» አላለም፤ ሁሉም «ተከፍሏል» የሚለውን ነበር የሚጠብቀው። ከዚያ ሁሉም እኔን አየ።

«ጋሽ ሳህሌ፣ ዛሬ አሞሃል?» አለ አምሃ። አምሃ ከኔ ቀድሞ ቫን የገዛ፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነው። «ወይስ እግዜር ሰማኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ነው በሌብነት እየቀደምከን የከፈልከው! ሌባ!»

ሳቁ። ሌባ ሲለኝ እኔ አልሳቅኩም።

አምሃ ከፈለ። ምርቃቱ ሁሉ ወደሱ ሄደ። ቀናሁበት። ምርቃት ያስቀናል?

እጄን ልታጠብ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ከጀርባዬ የራቱን ሁለት ሰዎች ድምፅ ሰማሁ።

«ሰውዬው ምን ነካው? ቸገረው እንዴ?»

«ለሠርጉ እያጠራቀመ ነዋ። ማክሰኞ ማክሰኞ የት እንደሚያመሽ አልሰማህም?»

«ኧረ ተው! ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስብሰባ ከሚቀመጥ አንድ ጊዜ ሽማግሌ አይልክም?»

የማንን ሠርግ እንደሚያወሩ አልገባኝም። የሔርሞንን ይሆናል። ሔርሞን ግን እጮኛ የላትም።


ኦክቶበር 11፣ ማክሰኞ

ሚስ ዶረቲ ውስጥ ናት፤ እኔ ፓርኪንግ ሎት። ለጽጌረዳ «ዛሬ ማታ ሥራ ስላለብኝ አልመጣም» ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። ከላክሁት በኋላ ገረመኝ። ማክሰኞ ሥራ ከሆነ፣ በሥራ ምክንያት ከሥራ ቀረሁ ማለት ነው።

ፌስታሉን ዘርግፌ ደረሰኞቹን መሪው ላይ፣ ጉልበቴ ላይ፣ ሬዲዮው ላይ ደረደርኩ። አሥር የአርብ፣ አንድ የጀልባ፣ አሥራ ስምንት የማክሰኞ። ቀለሙ የለቀቀም አለ። የአርቦቹን ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ፤ እገሌ ይህን ሰው ሰጠኝ፣ ለእገሌ ያንን ሰጠሁት። ጀልባው ላይ ቆምኩ። አምሃ ዋና አልችልም እያለ እንዴት እንደጮኸ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ከዚያ ማክሰኞዎቹ።

ማርች 9። ጽጌረዳ ሦስት ሰው ሰጠችኝ፤ ሁለት የዳያሊሲስ፣ አንድ የፊዚዮቴራፒ። ሥራ! በትልቁ ጻፍኩት።

ማርች 23። የማይል ሒሳብ ተነጋገርን። እሷ ቀነስ አድርግ አለች፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ መሐል ላይ ተስማማን። ሥራ።

ኤፕሪል 13። አባቷ ነቀምት ፖስታ ቤት ይሠሩ ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ የሚያነቡለት እሳቸው ነበሩ። የሞት መርዶ ያለበት ሲሆን «የጻፈው ሰው እጁ አይነበብም፤ ነገ ዘመድ ይዘህ ና» እያሉ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሰማ ያደርጉ ነበር አለችኝ። ይህን ሰምቼ ሳምንት ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። ከጀርባው ምን ልጻፍ? ሳልጽፍ ወደ ጎን አደረግኩት።

ሜይ 18። ዝናብ ነበር። እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ቆየን። ያወራነው አንድም ትዝ አይለኝም። ሹራቧ ቢጫ ነበር። «ዝናብ» ብቻ ጻፍኩበት። ወደ ጎን።

ኦገስት 24። ዓሣ በላን፤ አጥንቱን እያወጣች ሳህኔ ላይ ታደርግልኝ ነበር፤ እንደ ልጅ። ደግሞ እንዳደረገችው አላወቀችም፤ ወሬ ላይ ነበረች። እኔም ዝም ብዬ በላሁ። ወደ ጎን።

ኦክቶበር 19። የሙሉወርቅ ሦስተኛ ዓመት። ስለ ሙሉ ነገርኳት፤ ምግብ ቤት ያልወሰድኳትን ብቻ ትቼ። አለቀስኩ። ጽጌረዳ ሶፍት አቀበለችኝና አይዞህም ሳትል እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ስምንት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም። ምን ብዬ ልጻፍ? የሥራው ዓላማ፦ ማልቀስ?

አሥራ ስድስቱን ወደ ጎን አደረግኩ። ሁለት ቀረ።

ሥራ ካልነበረ ምን ነበር? ሙሉን ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ የከለከልኳትን ነገር፣ እሷ ካረፈች በኋላ ለሌላ ሰው አደረግሁት ማለት ነው። እንደዚያ ከሚሆንስ ሥራ ይሁን። ጌታ ሆይ፣ ሥራ ይሁን።

ነርሷ መስኮቱን አንኳኳች። ሚስ ዶረቲ ጨርሳ ዊልቸሯ ላይ በሩ ጋ ትጠብቀኛለች።


ኦክቶበር 13፣ ሐሙስ

ቢሩክ ኮል አደረገልኝ። መላ አገኘሁ ይላል። ጽጌረዳ አንድ ደብዳቤ ብትፈርም ያልቃል፤ አሥራ ስምንቱም ቀን የተገናኘነው ለሥራ እንደነበር የሚመሰክር። ደብዳቤውን እሱ ይጽፈዋል።

«አስታውሳለሁ የምትለውን ጻፍ ስልህ ደረሰኙ ላይ ምን ጽፈህ አመጣህልኝ? ዝናብ! ጋሼ፣ ዝናብ ተቀናሽ አይሆንም።»

መላው ጥሩ ነው። ጥሩ ይመስለኛል።


ኦክቶበር 15፣ ቅዳሜ

ጽጌረዳ ቢሮ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። ገና ከበሩ ስታየኝ ፊቷ በራ፤ «ጠፋህ እኮ፣ ጋሽ ሳህሌ! ማክሰኞ የሁለት ሰው ራት ለብቻዬ በላሁ» አለችኝ። እኔ ወረቀቱን አወጣሁ። ነገሩን ባጭሩ አስረዳኋት። ኦዲቱን ስትሰማ ደነገጠች፤ «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? የት ነው የምፈርመው?» አለች። መነጽሯን አደረገች። መፈረም ብቻ ነበር የሚገባት፤ ማንበብ ጀመረች።

«ኦክቶበር አሥራ ዘጠኝ» አለች። «ይሄ ስለ ባለቤትህ የነገርከኝ ቀን አይደለም?»

«ነው።»

«የሥራ ስብሰባ ይላል።»

«ቢሩክ ነው የጻፈው።»

«ሜይ አሥራ ስምንትስ? ዝናቡ?»

እስክሪብቶውን ወደሷ ገፋሁላት።

«ኤፕሪል አሥራ ሦስት። ይሄን ቀን እኔም አስታውሰዋለሁ፤ ስለ አባቴ አውርቼህ ቤት ገብቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።» መነጽሯን አወለቀች። «እኔ እኮ ጋሽ ሳህሌ፣ ስብሰባ ላይ መሆኔን አላወቅኩም ነበር። ባውቅ ደብተር ይዤ እመጣ ነበር።»

ሳቀች፤ ግን የሷ ሳቅ አልነበረም። ፈረመች። ስሟን በትልቁ፣ ቀኑን፣ የድርጅቱን ማኅተም።

«ሌላ የምፈርመው አለ?»

«የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደል። ደንበኛ ለደንበኛ ነው።»

የሚያድነኝን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከሬይኖልድስበርግ ወደ ኖርዝላንድ፣ ወደ ቤቴ መንዳት ሲገባኝ ልብ ሳልል ነድቼ ጋሃና ኤርፖርቱ ጋ ራሴን አገኘሁት። ሰው የምቀበል መስሎት ፖሊሱ እዚህ መቆም አይቻልም አለኝ።

ምን አጠፋሁ? ያለችውን ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። አልተሳደበችም። አልተቆጣችም። ፈርማለች።


ኦክቶበር 18፣ ማክሰኞ

የሳምንቱን የጉዞ ዝርዝር የላከችልኝ ጸሐፊዋ ናት። ድሮ ራሷ ነበረች የምትልከው፤ ከሥር «ቀስ ብለህ ንዳ» ትል ነበር። ዛሬ ከሥር ምንም የለም። ዝርዝሩ ልክ ነው፤ አንድ ሰው አልጎደለም። የሥራው አንድም ነገር አልጎደለም።

ማታ ቤት ሆኜ ሩዝ በላሁ።


ኦክቶበር 21፣ አርብ

ጸሎት ሄድኩ። ወንድም ሀይሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሥራው ለቀቀው!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ስድሳ ሰው አጨበጨበ። ቆሜ እውነቱን ልናገር አሰብኩ፤ ግን ቦታዬን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልንገር ብልስ ምን እላለሁ? ስደሰት ነበር የቀረሁት? ይህ ኃጢአት ነው? ካልሆነ ለምን ደበቅኩት?

ተንበርክኬ የጸለይኩት ስለ ጽጌረዳ ሳቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።


ኦክቶበር 23፣ እሑድ

ሔርሞን ከቤተክርስቲያን በኋላ ከኔ ጋር ምሳ በላች። ሳህን ላንሳ ብላ ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጽጌረዳን ደብዳቤ አነበበችው። ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች።

«ዳድ፣ ይሄ እኮ ስብሰባ አይደለም። ዴት ነው፤ የፍቅር ቀጠሮ።»

«ደንበኛዬ ናት።»

«ዳድ!»

«እናትሽን አንድ ቀን እንኳ ወጥተን እንብላ ስትለኝ እምቢ ያልኩ ሰው፣ ዴት የሚባል ነገር...» አልጨረስኩትም። ለማንም ያልነገርኩት ነገር እንደ ዋዛ አፌ ላይ መጥቶ ወጣ። ሁሉንም ነገርኳት። የለቅሶውን አሜንም ጭምር።

ሔርሞን አቅፋ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋን ነበር የያዘችው።

«እማዬ እኮ ምግብ ቤት ትሄድ ነበር።»

«የትኛዋ እማዬ?»

«አባዬ፣ አንተ ያኔ መጋዘን ትሠራ የነበረ ጊዜ ኦቨርታይም ስትገባ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና እሷ ቻይና ቡፌ እንሄድ ነበር። ኤቭሪ ሳተርደይ! ሽሪምፕ ነበር የምትወደው። ማታ አንተ ስትመጣ ደግሞ እንዳታውቅባት እንደገና ካንተ ጋር ትበላለች። ከዚያ መኝታ ቤት ገብተን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።»

«ገንዘቡንስ ከየት አምጥታ?»

«ከአስቤዛው ነዋ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ባከነ ብሎ እንቅልፍ አይወስደውም ትለኝ ነበር።»

አራት ዓመት የከለከልኳትን እያሰብኩ ስቃጠል፣ ለካ ጠግባ ነበር! ሳቅኩ፤ ተናደድኩ፤ አለቀስኩም። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ሙሉ ቡፌ ፊት ሳህን ይዛ ቆማ ታየችኝ። ደስ ብሏት። እኔ ግን እዚያ የለሁም። እሷ ሄዳለች፤ ያልሄድኩት እኔ ነኝ።

ሔርሞን ስትወጣ «እማዬ ተደብቃ ተደሰተች፤ አንተም ተደብቀህ። ምን ዓይነት ቤተሰብ ነን?» አለችኝ።




ኦክቶበር 26፣ ረቡዕ

ቢሩክ ጋ። ከነገ ወዲያ ቀኑ ያልቃል።

«ደብዳቤውን አትላከው» አልኩት።

«የትኛውን?»

«እሷ የፈረመችውን። ማክሰኞዎቹን አውጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ተው፤ ሥራ ነበሩ። ጀልባውን አውጣ። ከአርቦቹ የኔን ሳህን ብቻ ተው፤ የተመረቅኩበትን ሁሉ አውጣ።»

«የተመረቅክበትን? ጋሼ፣ አርቦቹን እኮ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳቸው ይሆናል! እንከራከርበት።»

«ሕጉ ይፍቀድ። እኔ ግብዣ ብዬ ነው የሰጠኋቸው።»

ቆጠረው። ታክሱ፣ ወለዱ፣ ቅጣቱ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር አካባቢ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

«ፊርማ አለህ፣ ማኅተም አለህ፣ ታልፋለህ። ሰው ለፓስተሩ ይናዘዛል እንጂ ለአይ አር ኤስ ይናዘዛል?»

«እሷ ያልነበረውን ነው የፈረመችልኝ። በኔ ምክንያት እንድትዋሽ አልፈልግም» አልኩት። እውነት ነው፤ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሌላውን ለሱ መንገር አልቻልኩም። ለዚህ ደብተርም እስካሁን አልቻልኩም።

ቢሩክ አየኝ፤ ከዚያ መተየብ ጀመረ። ሲጨርስ ለራሱ ክፍያ አልተቀበለኝም። ከምሬ ነው ብዬ ብታገለው «ተከፍሏል» ብሎ ሳቀብኝ።


ኦክቶበር 27፣ ሐሙስ

ጠዋት ፖስታ ቤት። ፊርማ ተቀብለው በማግስቱ የሚያደርሱትን ዓይነት ፖስታ ከፍዬ ላክሁ። የቀረውን ጉዞ ለአምሃ ሰጠሁት። «የት ልትሄድ ነው?» ሲለኝ «ሬይኖልድስበርግ» አልኩት። «በሐሙስ?» አለኝና ስልኩን በሳቅ ዘጋው።

የጽጌረዳ ቢሮ ሰው ሞልቶበታል። ለተንከባካቢነት ሥራ ሊመዘገቡ የመጡ ስድስት ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ የአርብ ጸሎት እህቶች ናቸው። «ጋሽ ሳህሌ፣ ሰላም ነው? ሥራ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ጸሐፊዋ የእንግዳ መዝገቡን ሳበች። «ሳህሌ፣ የቫኑ። ለሥራ ነው አይደል?» ብላ ልትጽፍ ጀመረች።

ዞሬ ልወጣ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንድ እግሬ ዞሮ ነበር።

«አይደለም» አልኩ። «ለሥራ አይደለም። ጽጌረዳን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

 ጽጌረዳ ከውስጥ ሰምታ በሯ ላይ ወጥታ ቆመች፤ እጇ ላይ የፈረቃ ወረቀት ይዛለች።

«ምን ሆንክ? ደብዳቤው አልሠራም?»

«አልላክሁትም። ከአሥራ ስምንቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው ሥራ፤ ለመንግሥትም እንደዚያ ብዬ ጽፌያለሁ። ቅጣቱን እከፍላለሁ።»

«እና ሌሎቹ ምን ነበሩ?»

እህቶቹን አየኋቸው። አንደኛዋ ስልኳን የምታይ መስላ ጆሮዋን ሰጥታኛለች። ነገ አርብ ነው፤ ነገ ማታ የጸሎቱ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ይስማ።

«ደስ ስለሚለኝ ነበር የምመጣው» አልኩ። ቀስ ብዬ ልናገረው ነበር ያሰብኩት፤ ጮክ ብሎ ወጣ። «ካንቺ ጋር መብላት ደስ ስለሚለኝ። አፍሬ ነው ሥራ ያልኩት።»

ጽጌረዳ ስድስቱን ሴቶች አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቷን አየች።

«የነዚህን ሰዎች ፈረቃ ላስተካክል» አለች። «እስክጨርስ ትጠብቀኛለህ?»

በእህቶቹ መሐል ባዶ ወንበር ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።